ለእትዬ፣ ስለ መስኮቱ ፎቶ

ውድ እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ወገብሽ እንዴት ነው? ስፌት ላይ ጎንበስ ብለሽ ስትውዪ የሚይዝሽ ነገር ለቀቀሽ ወይስ እንደ ልማድሽ «ደህና ነኝ» እያልሽ ትሸፋፍኚዋለሽ? ዓይንሽስ? ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር መስፋት እየከበዳት ነው ብላ እማዬ ነግራኛለች፤ አንቺ ግን አንድም ቀን አላነሳሽልኝም። እማዬስ ጉልበቷ እንዴት አደረጋት? ታናሻችን ሚጢስ አሁንም መጽሐፍ ፊቷ ላይ ዘርግታ ነው የምትተኛው? የስፌት መኪናሽ ፔዳልስ መንጫጫቱን ተወ? ሁላችሁንም ከራስ ፀጉራችሁ እስከ እግር ጥፍራችሁ ደህና ያድርግልኝ። እኔ ለአካሌ ደህና ነኝ። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም፤ እውነትም እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ጉንፋን እንኳ አልነካኝም። ደህና ያልሆነው ሌላው ነው፤ እሱን ልነግርሽ ነው የተቀመጥኩት።

ለምን አልደወልክም እንዳትዪኝ። በዚህ ሳምንት ሦስት ጊዜ ደውዬልሽ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናብ አውርተን ዘጋሁት። ድምፅሽን ስሰማ ነገር ሁሉ ይቀልብኛል፤ አቅልዬ ስነግርሽ ደግሞ ያው መዋሸቴ ነው። ጭነት የሚያመላልሰው አጎታችን ነገ ጠዋት ወደ እናንተ ስለሚነሳ በእሱ እጅ ልኬዋለሁ፤ ሐሙስ ይደርስሻል። ሰኞ ጠዋት ደግሞ እኔ የምፈርመው ወረቀት አለ። ከሐሙስ እስከ ሰኞ ባለው ጊዜ ውስጥ ካንቺ አንድ ቃል እፈልጋለሁ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። እማዬ አጠገብሽ ካለች እጠፊውና ቆይተሽ አንብቢው።

ባለፈው በስልክ «አሁን የምትሠራው ተማሪ ሳለህ ከምትሠራው በምን ይለያል?» ብለሽ ጠይቀሽኝ «ብዙም አይለይም፣ ያው ልብስ ማንሳት ነው» ብዬሽ ነበር። ዋሸሁሽ። ልዩነቱን በደንብ ብነግርሽ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ይሆናል፤ አንቺ ነገሩን ከእኔ ቀድመሽ ታዪው ነበር።

ተማሪ ሳለን ለአንድ ፎቶ ሦስት ሳምንት ይሰጠን ነበር። ካሜራው ለአራት አንድ ነው፤ ተራችን እስኪደርስ የምናነሳውን በሐሳባችን መቶ ጊዜ አንስተነዋል። ሞዴል ማለት ስንጠራው ያልሮጠ ሰው ማለት ነበር። ልብሱ የጎረቤት፣ መብራቱ የፀሐይ፣ ብርሃን መመለሻው የእማዬ ነጭ አንሶላ። አስተማሪያችን፣ ሁልጊዜ «ጥላውን እዩት» ስለሚል «ጋሼ ጥላ» ያልነው ሰውዬ፣ ያበላሸነውን ሁሉ ግድግዳ ላይ ለጥፎ ከሳቀብን በኋላ «ግድ የለም፣ ቢያንስ ስህተቱ የራሳችሁ ነው፤ ስትቀጠሩ ስህተቱም የራሳችሁ አይሆንም» ይለን ነበር። ያኔ ቀልድ መስሎኝ ስቄያለሁ።

እዚህ በቀን ስልሳ ልብስ እናነሳለን። ካሜራዬ በገመድ ከአንድ ትልቅ ስክሪን ጋር ተያይዟል፤ ገና ጣቴን ሳላነሳ ፎቶው ከኋላዬ ይወጣና አልባሿ፣ ሜካፕ ሠሪዋ፣ ልብስ ሻጩ ሁሉም አስተያየት ይሰጡበታል። ተማሪ ሳለሁ ፎቶውን መጀመሪያ የማየው እኔ ነበርኩ፤ አሁን መጨረሻ የማየው እኔ ነኝ። ኃላፊያችንን በሌለችበት «ቶሎ ቶሎ» ነው የምንላት፣ ቃሉ ከአፏ ስለማይጠፋ። ክፉ ሰው ግን አይደለችም። ተቆጥታ አታውቅም፤ ስታዝ እንኳ «የኔ ጌታ» ብላ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ላለችው ይመስለኛል።

አንቺን የሚያናድድሽን ደግሞ ልንገርሽ። ሞዴሏን ከፊት ስታያት ቀሚሱ በልኳ የተሰፋ ይመስላል። ዞረሽ ከኋላ ብታያት ግን ከአንገቷ እስከ ወገቧ መቆንጠጫ ተደርድሮባታል፤ ትርፉ ጨርቅ ሁሉ ወደ ጀርባዋ ተጎትቶ ተቆንጥጧል። የጫማው ሶል ሳይቆሽሽ ወደ ሱቅ እንዲመለስ ፕላስተር ይለጠፍበታል። የዋጋ ወረቀቱ በብብቷ ውስጥ ተደብቋል። መጀመሪያ ሳየው «እህቴ ብታያችሁ ሜትር አንጠልጥላ ታባርራችሁ ነበር» ብያቸው ሁሉም ሳቁ። አሁን መቆንጠጫውን የምደረድረው እኔው ሆኛለሁ።

ሁሉንም ማማረር ግን አልፈልግም፤ የተማርኩትም አለ። እዚህ መብራቱ ጠዋትም ከሰዓትም አንድ ነው፣ ደመና መጣ ብሎ ሥራ የሚያቆም የለም። ሰው በሰዓቱ ይመጣል። ተማሪ ሳለሁ ካነሳኋቸው ግማሾቹ ያማሩት በዕድል እንደነበር የገባኝ እዚህ ነው። እና እውነቱን ለመናገር፣ እትዬ፣ ሥራውን ወድጄዋለሁ። ባልወደው ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር፤ ትቼ እመጣ ነበር።

የሙከራ ጊዜዬ ሦስት ወር ነው፤ ሰኞ ያበቃል። ካላስቀሩኝ የዚህ አገር የመኖሪያ ፈቃዴም አብሮ ያበቃል። ሁለት ልጆች አብረውኝ ጀምረው ነበር፤ አንደኛው በመጀመሪያው ወር፣ ሌላኛዋ ባለፈው ሳምንት ቁልፋቸውን መልሰው ሄደዋል። የእኔም ተራ መድረሱን አውቄ ነበር። ቶሎ ቶሎ «እጅህ ጥሩ ነው የኔ ጌታ፣ ግን ካንተ የተለየ ነገር አላየሁም» ብላኛለች።

እንግዲህ የሚመጣው ጥፋቴ ነው፤ በቅደም ተከተል ልናዘዝ። አንድ የሙሽራ ልብስ የሚሸጥ ቤት ካታሎግ አዘዘን። ሰውየው ያነሳንለትን ሁሉ እያየ «ሁሉም አንድ ናቸው፣ ሁሉም ኬክ ላይ የቆሙ አሻንጉሊት ናቸው» እያለ መለሰብን። ያኔ «ቶሎ ቶሎ» ስቀጠር ያስገባሁትን የተማሪነት ሥራዬን ከፈተች። አስራ ሁለት ፎቶ ነው። አስራ አንዱን አልፋ አንቺ ላይ ቆመች።

የመስኮቱ ፎቶ ነው። ያ እሁድ እንደማይረሳሽ አውቃለሁ። እማዬና ሚጢ ወጥተው ቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ለመመረቂያዬ አንድ ፎቶ ጎድሎኝ፣ ከቁም ሳጥኑ ታችኛ መሳቢያ በአንሶላ ጠቅልለሽ ያስቀመጥሽውን የሙሽራ ልብስሽን ልበሺልኝ ብዬ ብለምንሽ ሦስት ቀን ኩርፊያ ሆነ። ያ ሰውዬ ሠርጋችሁ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጠፍቶ ከቀረ አራት ዓመቱ ነበር፤ በእጅሽ የሰፋሽውን ልብስ አንድም ቀን አልለበስሽውም። በመጨረሻ «ከአስተማሪህ ሌላ ሰው ካየው ወንድሜ አይደለህም» ብለሽ ለበስሽልኝ። እኔ ደግሞ ከእሱ የሚበልጥ ፎቶ ስለሌለኝ ለሥራ ማመልከቻ አስገባሁት። ይኸው የመጀመሪያው ጥፋቴ።

የዚያን ቀን መስኮቱ አጠገብ ቆመሽ፣ አንድ እጅሽን መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ አሳርፈሽ፣ ወደ ውጭ እያየሽ፣ ሳልጠይቅሽ ያንን ነገር ነገርሽኝ። ያ ሰውዬ ሌላ ሊያገባ ሲል እጮኛው የማን ሱቅ እንደገባች ሳታውቅ የሙሽራ ልብስ ልታሰፋ አንቺ ጋ መጣች። ስሙን ከአፏ ስትሰሚ ሜትሩ ወገቧ ላይ ነበር፤ አላነሳሽውም። ልኳን ጽፈሽ፣ ሰፍተሽ፣ ተኩሰሽ አስረከብሻት። «አንድ ቦታ ስፌቱን ላበላሽባት ፈልጌ ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ» አልሽ። ከዚያ «ሆድ ይፍጀው» ብለሽ ዝም አልሽ። እኔ ያነሳሁት ያን ጊዜ ነው። ሌላ አላነሳሁም፣ መድገምም አልቻልኩም።

ቶሎ ቶሎ «ይቺ ማን ናት?» አለችኝ። እህቴ ናት አልኳት። «የፈቃድ ወረቀቷስ?» አለች። ባለሙያ ዘንድ ፎቶ የተነሳ ሰው ሁሉ ፊቴን ተጠቀሙበት ብሎ ይፈርማል፤ ያልፈረመ ሰው ፎቶ የትም አይወጣም። ተማሪ ሳለን ስለዚህ ወረቀት አንድ ቀን ተነግሮን ነበር፤ ግን የገዛ እህቱን ማን ፈርሚልኝ ይላል? «ጠይቄያት እምቢ ብላለች» አልኳት። አንቺን መጠበቄ መስሎኝ ነው፤ ውስጤም ኮርቶ ነበር። እሷ ግን ቅር እንኳ አላላትም። «ምንም አይደል፣ ፊቷ ነው እንጂ አቋቋሟ ፈቃድ አይጠይቅም። ራስህ ድገመው» አለችኝ።

በማግስቱ መስኮት ሠሩ። ከጀርባው ምንም የሌለው የጣውላ ግድግዳ ነው፤ መጋረጃ ተሰቀለበት፣ ከኋላው መብራት ቆመ፣ ጠረጴዛም መጣ። እሁድ ጠዋት የነበረውን ብርሃን በአስር ደቂቃ ውስጥ አገኙት። ሞዴሏ ጨዋ ልጅ ናት፣ ሥራዋን ታውቃለች፤ እጅሽን እዚህ፣ አገጭሽን እዚያ ስትባል አንድ ጣት ሳታጎድል ታደርገዋለች። አርባ ደቂቃ አነሳኋት። ሁሉም ነገር የአንቺ ነው፣ አንቺ ግን የለሽበትም። የልብስ ቤቱ ሰው ሰዓቱን ማየት ጀመረ። ቶሎ ቶሎ እኔን ታያለች። ልጅቷ ልትረዳኝ ፈልጋ፣ በትሕትና፣ «ምን ላስብ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ተማሪ ሳለሁ ይህን የጠየቀኝ አልነበረም፤ ያኔ የማነሳው ሰው ሁሉ የሚያስበው የራሱ ነገር ነበረው። እኔም ነገርኳት።

ሁሉንም ነገርኳት እትዬ። ሜትሩን፣ ልኬቱን፣ እጄ እምቢ አለኝ ያልሽውን ሳይቀር። ስድስት ሰው እየሰማ። ቀስ ብዬ ልነግራት እችል ነበር፣ ጆሮዋ ላይ፤ እሱም ቢሆን አይገባም ነበር። ግን ጮክ አልኩ፤ ስክሪኑ ጋ ያሉትም እንዲሰሙልኝ ፈልጌ ነው መሰለኝ። አልባሿ መርፌ ቁልፍ በአፏ እንደያዘች ቆማ ቀረች። ሜካፕ ሠሪዋ ዓይኗን ጠረገች። ልጅቷ ወደዚያ ወደሌለው ውጭ ዞረች፣ እጇም ጠረጴዛው ላይ ከበደ። ልክ የአንቺ እጅ ሆነ። አነሳሁ። ከዚያ ቶሎ ቶሎ ከኋላዬ «አሁን በዚያው ላይ ትንሽ ፈገግ በይ፣ የምታለቅስ ሙሽራ ልብስ አትሸጥም» አለች። ፈገግ አለች። ያንን ነው የመረጡት።

አጨበጨቡልኝ። እኔም ደስ አለኝ፤ ይህንንም ካልነገርኩሽ ኑዛዜው ሙሉ አይሆንም። ካሜራዬን ጠራርጌ፣ ገመዴን ጠቅልዬ፣ እያፏጨሁ ነው የወጣሁት። አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ አንዲት ሴትዮ የታጠፈ ጨርቅ በጉልበቷ ላይ ይዛ ሳይ ነው ያደረግሁት ነገር የገባኝ፤ ወርጄ የቀረውን መንገድ በእግሬ ሄድኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ስድስቱን ሰው ዞሬ የነገርኳችሁን መልሱልኝ ልላቸው አልችልም።

ይህ ብቻ ቢሆን ቁጣሽን ችዬ እኖር ነበር። የልብስ ቤቱ ሰው ግን ታሪኩን ከፎቶው አብልጦ ወደደው። ከሥሩ በሁለት መስመር ይጻፍ አለ፤ ያለ ስም፣ «ትቷት የሄደው እጮኛዋ ላገባት ሙሽራ ልብስ የሰፋች» እያለ። ቶሎ ቶሎ ደግሞ አስራ ሁለቱም ፎቶዎቼ በዚህ መንገድ እንደገና እንዲሠሩ ፈለገች፣ እያንዳንዱ ከነታሪኩ። «የተለየ ነገር ያልኩህ ይኸው፣ ቤትህ ነው ያለው» አለችኝ። ቀጣዩ እማዬ የአባዬን ኮት ለብሳ ያነሳኋት ነው። በኮቱ ኪስ ውስጥ ምን ይዛ እንደምትዞር አንቺና እኔ ብቻ ነን የምናውቀው። ቶሎ ቶሎ «የኮቱስ ነገር ምንድን ነው?» ብላኛለች። አላስታውስም አልኳት። «እስከ ሰኞ ታስታውሰዋለህ» ብላ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ።

ሰኞ የምፈርመው ወረቀት ይህ ነው። በአንድ በኩል ቋሚ ሠራተኛ ያደርገኛል። በሌላ በኩል «ታሪኮቹ የራሴ ናቸው፣ ለመስጠትም መብት አለኝ» ይላል። ከፈረምኩ ካታሎጉ በዚያው ቀን ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል። ካልፈረምኩ ፎቶውም ጽሑፉም ይቀራል፣ እኔም ቁልፌን አስረክባለሁ። ሁለቱን መለየት ይቻል እንደሆነ ጠይቄያለሁ፤ አይቻልም ተባልኩ።

ካታሎግ የት የት እንደሚደርስ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ሱቅሽ ውስጥ ስንት አሉ? ደንበኛ ሁሉ ገጽ አጥፋ ይዛ መጥታ «እንዲህ አድርገሽ ስፊልኝ» ትልሻለች። ይህም በአንዲቷ እጅ ተይዞ ይመጣል፣ አንቺም ስፌቱን ለማየት ታቀርቢዋለሽ፣ ከሥሩ ያለውንም ታነቢዋለሽ። ያቺ የዚያ ትቶሽ የሄደው ሰውዬ ሚስት እስካሁን የምታሰፋው አንቺ ጋ ነው። እሷም ታነበዋለች። ስም ባይኖረው ምን ዋጋ አለው፣ እሷ የሙሽራ ልብሷን ማን እንደሰፋላት ታውቃለች። ይህን ሁሉ ጊዜ ያንን ነገር የያዝሽው ለራስሽ ብለሽ ብቻ እንዳልነበረ አሁን እየገባኝ ነው።

ለራሴ ያልነገርኩት ምክንያት የለም። ማንም አያውቃትም እላለሁ። ቆንጆ ሥራ ነው፣ እህቴ ትኮራበታለች እላለሁ። ከተመለስኩ ለእማዬ ምን እነግራታለሁ፣ በዚያ ሁሉ ሽኝት ሄዶ በሦስተኛ ወሩ ሻንጣውን ይዞ መጣ ይሉኛል እላለሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል የምስቅ ሰው ነበርኩ። ትናንት አንድ ሸሚዝ ለማንሳት አስራ ዘጠኝ ጊዜ ሞክሬያለሁ። ጨንቆኛል እትዬ። ከዚህ በፊት ጨንቆኝ ያውቃል፣ እንዲህ ግን አላውቅም። ሲጨንቀኝ ደግሞ የምሄደው ወደ አንቺ ነበር፤ አሁን በምን ፊቴ?

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ስለ ኮቱ ግን ትንፍሽ እንዳትዪባት። ለሚጢ በፎቶዬ ላይ ፂም መሳሏን ሰምቻለሁና ስመጣ ታየኛለች በያት። አብራሽ ለምትሠራው ልጅ፣ ቁልፍ መትከሏ እንደተሻሻለ ነግረሽኝ ነበርና በርቺ ብሏል በያት። ለአጎታችን፣ መንገድ አድክሞት ይመጣልና፣ ሳያርፍ እንዳይመለስ ያዢልኝ።

ላንቺ ሰላምታ ለመላክ አፍ የለኝም፤ ልመና ግን አለኝ። ና ካልሽኝ እመጣለሁ፣ አንድም ጥያቄ አልጠይቅሽም። ፈርም ካልሽኝ ዕዳውን ተሸክሜ እፈርማለሁ። ከተሳደብሽ ስድቡን ከመልስ እቆጥረዋለሁ። ብቻ እንደለመድሽው ዋጥ አድርገሽ እንዳታሳልፊው። ሰው ሁሉ በዝምታሽ ተጠቅሟል፤ ያ ሰውዬም፣ ሚስቱም፣ እኔም። ስልኩን ከእሁድ ጠዋት ጀምሮ በእጄ ይዤ እቀመጣለሁ። እባክሽ ዝም አትበዪኝ። ዝም ካልሽኝ እፈርማለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ

ከተከራየኋት ክፍል
ማክሰኞ፣ ግንቦት 14 ቀን